ፒፒአይ፦ ከ2019ኙ ቀነ ገደብ በኋላ ምን በር ቀረ?

ጣና_ክሮይደን

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብሪታንያ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ብድር፣ ክሬዲት ካርድ ወይም ሞርጌጅ ላወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ፒፒአይ አብሮ ይሸጥለት ነበር። ተበዳሪው ቢታመም፣ አደጋ ቢደርስበት ወይም ከሥራ ቢቀነስ ወርሃዊ ክፍያውን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ነው። ችግሩ አሻሻጡ ላይ ነበር። ባንኮች በጠቅላላው 38 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ እንዲመልሱ የተገደዱትም ለዚህ ነው።

ኦገስት 29 ቀን 2019 የአቤቱታው ቀነ ገደብ ካለፈ ወዲህ «ነገሩ አለቀ» የሚለው ወሬ በማኅበራችን ውስጥ ሥር ሰዷል። የተዘጋው አንድ በር ነው፤ ለባንክና ለፋይናንስ እንባ ጠባቂው አቤት የሚባልበት። የፍርድ ቤቱ በር እንደየሰዉ ሁኔታ ሊከፈት ይችላል፤ የታክሱ ተመላሽም የራሱ ሰዓት አለው። ስለዚህ በዚህ ክር የምታውቁትን በዝርዝር አስቀምጡ። ቀኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጻፍ።

ለመነሻ ያህል፣ ሽያጩን ጥፋት የሚያሰኙት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። ገዢው በግሉ የሚሠራ፣ ጡረተኛ ወይም ሥራ የሌለው ከነበረ የሥራ ማጣት ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ምንም አይጠቅመውም። ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም ካለበት ፖሊሲው ያንን ሕመም አይሸፍንም፤ ሻጩ ግን አልጠየቀም። «ኢንሹራንሱን ካልገዛህ ብድሩ አይፈቀድም» መባል። ቅጹ ላይ ሳጥኑ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት መቅረቡ። ብድሩ የ10 ዓመት ሆኖ ሽፋኑ ለ5 ዓመት ብቻ መሆኑ። ከሁሉም የከፋው ሲንግል ፕሪሚየም የሚባለው ነው፤ የዘመኑ ሁሉ አረቦን (የኢንሹራንሱ ክፍያ) በአንድ ጊዜ ተሰልቶ ብድሩ ላይ ይጨመርና እሱም ወለድ ይወልዳል። ይኼኛው ሽያጭ በ2009 እንዲቆም ተደርጓል።

ደጀን

ጥሩ ክር ነው። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ባንኩ ጭራሽ አቤቱታ አይቀበልም ማለት ነው ወይስ የተለየ ሁኔታ አለ?

ጣና_ክሮይደን

አለ፣ ግን ጠባብ ነው። ቀነ ገደቡ የሚመለከተው ኦገስት 29 ቀን 2017 ወይም ከዚያ በፊት የተሸጠን ፖሊሲ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተሸጠው በተለመደው የአቤቱታ ጊዜ ይታያል። ሰውየው በጊዜው እንዳያመለክት ያደረገው በጣም ልዩ ምክንያት ካለም፣ ለምሳሌ ከባድ ሕመም፣ በማስረጃ አስደግፎ መጠየቅ ይቻላል። «ስለ ቀነ ገደቡ አልሰማሁም» ግን በአብዛኛው ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም። አቤቱታው ከገባ ባንኩ 8 ሳምንት አለው። የመጨረሻ መልሱ በደረሰ በ6 ወር ውስጥ ወደ እንባ ጠባቂው መሄድ ይቻላል፤ አገልግሎቱ በነፃ ነው።

ችሎት_ፊት

አሁን ዋናው ነገር ፍርድ ቤቱ ስለሆነ እዚያ ላይ ረዘም ልበል።

ሁሉንም የለወጠው በ2014 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፕሌቪን ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። ወይዘሮ ፕሌቪን በ2006 ባወጡት ብድር ላይ 5,780 ፓውንድ አረቦን ተጨምሮ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 71.8 በመቶው ለአበዳሪውና ለደላላው በኮሚሽን መልክ ሄዷል። ይህን ያወቁት ዘግይተው ነው። ፍርድ ቤቱ ኮሚሽኑ እንዲህ ከፍ ብሎ ሳለ አለመነገሩ በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 140ኤ መሠረት የአበዳሪውንና የተበዳሪውን ግንኙነት ፍትሐዊ ያልሆነ ያደርገዋል አለ። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ «ሻጩ ዋሽቶኛል» ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም። ይህን ያህል ከፍተኛ ኮሚሽን መደበቁ ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ተቆጣጣሪው ኤፍ.ሲ.ኤ. ለባንኮች አንድ መለኪያ አወጣ፤ ያልተነገረ ኮሚሽን ከአረቦኑ 50 በመቶ ካለፈ፣ ያለፈውን ከወለዱ ጋር መልሱ። ስለዚህ ብዙ ሰው በ2017 እና በ2019 መካከል «የፕሌቪን ክፍያ» የሚል ደብዳቤና አነስ ያለ ገንዘብ ደርሶታል። ፍርድ ቤት ግን በ50 በመቶው አይታሰርም። ወይዘሮ ፕሌቪን ራሳቸው ጉዳዩ ወደ ታች ፍርድ ቤት ተመልሶ ሙሉ ኮሚሽኑ ተፈርዶላቸዋል።

ቀጥሎ የይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ጉዳይ መጣ። በ2023 ሁለት ውሳኔዎች ተሰጡ፣ ሁለቱም ለተበዳሪው።

አንደኛው የስሚዝ ጉዳይ ነው። የይርጋው 6 ዓመት መቆጠር የሚጀምረው የብድር ውሉ ካበቃበት ቀን እንጂ ኢንሹራንሱ ከቆመበት ቀን አይደለም ተባለ። ወይዘሮ ስሚዝ ፒፒአዩን የተዉት በ2006 ነው፤ ካርዱ የተዘጋው በ2015፤ ክሱ የቀረበው በ2019። በጊዜው ነው ተባለ። ከዚህ የሚከተለውን ብዙ ሰው አላስተዋለውም። ያው ካርድ፣ በያው ውል፣ ዛሬም ክፍት ከሆነ ይርጋው ገና መቆጠር አልጀመረም።

ሁለተኛው የፖተር ጉዳይ ነው። የሳቸው ብድር በ2010 አብቅቶ ስለነበር ተራው 6 ዓመት አልፏል። ሆኖም አረቦኑ 3,834 ፓውንድ ሆኖ ከ95 በመቶ በላዩ ኮሚሽን ነበር፤ ይህም ሆን ተብሎ ተደብቋል ተባለ። በ1980ው የይርጋ ሕግ አንቀጽ 32 መሠረት ዘመኑ የሚቆጠረው ድብቁ ነገር ከታወቀበት፣ ወይም ተገቢ ጥረት ቢደረግ ሊታወቅ ይችል ከነበረበት ቀን ነው። እሳቸውም ባንኩ ከ50 በመቶ በላይ ያለውን ከፍሏቸው ነበር፤ የከሰሱት ለቀረው ነው።

አሁን መራራው ክፍል። በ2018 ወይም በ2019 የፕሌቪን ደብዳቤ የደረሰው ሰው ኮሚሽኑን ያወቀው ያኔ ነው። ውሉም ቀደም ብሎ የተዘጋ ከሆነ 6 ዓመቱ በ2024 ወይም በ2025 አልቋል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ሁለት ቀን ፈልጉ፤ ውሉ የተዘጋበትንና ስለ ኮሚሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈላችሁን። የቀረው ሁሉ ከነዚህ ሁለት ቀኖች በኋላ ይመጣል።

ሌሎች አጥሮችም አሉ። ከኤፕሪል 6 ቀን 2008 በፊት ሙሉ በሙሉ ያበቃ ውል በአንቀጽ 140ኤ አይታይም። ከኦክቶበር 31 ቀን 2004 ጀምሮ በፋይናንስ ተቆጣጣሪው ሥር የገባ የመጀመሪያ ደረጃ ሞርጌጅም እንዲሁ። ስኮትላንድ የራሷ የይርጋ ሕግ አላት፤ መነሻው 5 ዓመት ነው፤ የእንግሊዝን ስሌት ወደዚያ አትውሰዱ።

አረቦን_ቆጣሪ

ቁጥሩን ላስቀምጥ፤ ሰው ስንት እንደሚጠይቅ ሳያውቅ ደብዳቤ መጻፍ የለበትም።

ለምሳሌ 10,000 ፓውንድ ለ5 ዓመት፣ በዓመት 10 በመቶ ወለድ፣ ሲንግል ፕሪሚየሙ 2,000 ፓውንድ ይሁን። ያለ ኢንሹራንሱ ወርሃዊ ክፍያው 212.47 ነው። ከኢንሹራንሱ ጋር 254.96 ይሆናል። ልዩነቱ 42.49 ነው፤ በ60 ወር 2,549 ፓውንድ ገደማ። ስለዚህ የኢንሹራንሱ እውነተኛ ዋጋ 2,000 አይደለም፤ የተወለደበት 549 ተጨምሮ ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው፤ ውሉ ላይ የተጻፈውን አረቦን ብቻ ይጠይቅና በላዩ የተከፈለውን ወለድ ይተዋል።

በዚህ ላይ 8 በመቶ ነጠላ ወለድ ይታሰባል። እያንዳንዱ ወርሃዊ ክፍያ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ለብቻው ይቆጠራል እንጂ ድምሩ በአንድ ቀን አይነሳም። ብድሩ ካለቀ ከ5 ዓመት በኋላ ቢመለስ በአማካይ 7.46 ዓመት ይሆናል፤ ወለዱም 1,521 ፓውንድ አካባቢ ይደርሳል።

ኮሚሽኑ 70 በመቶ ቢሆንስ? ሙሉ ኮሚሽኑ ከ2,549ኙ 1,784 ነው። ባንኩ በ50 በመቶው መለኪያ የሚመልሰው 510 ብቻ ነው። በፍርድ ቤት የሚጠየቀው ቀሪው 1,274 ከነወለዱ ነው።

ክሬዲት ካርድ ላይ አሠራሩ ሌላ ነው። አረቦኑ በየወሩ ባለው ዕዳ ልክ ይቆረጣል፤ ለምሳሌ በየ100 ፓውንዱ 79 ፔንስ። ዕዳው ሳይከፈል በተንከባለለ ቁጥር አረቦኑ ራሱ የካርዱ ወለድ ይታሰብበታል፤ ይህን ለማስላት የየወሩ ስቴትመንት ያስፈልጋል።

ሉሊት_ሊድስ

ስለ ወረቀት። ለባንኩ የግል መረጃ ጥያቄ ይጻፋል፤ ከሜይ 2018 ጀምሮ በነፃ ነው፤ ባንኩ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለበት። በደብዳቤው ላይ «መረጃዬን ላኩልኝ» ብቻ አትበሉ። የብድር ውሉን፣ የየወሩን ስቴትመንት፣ የኢንሹራንስ ፖሊሲውን፣ የተከፈለውን ኮሚሽን መጠን፣ ከዚህ በፊት የቀረበ አቤቱታ ካለ ሙሉ ፋይሉን ብላችሁ በስም ጥሩ።

ለኛ ሰው ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባንኩ የሚፈልገው በስም፣ በልደት ቀንና በአድራሻ ነው። የአበሻ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ብዙ ዓይነት አጻጻፍ አለው፤ አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባል። የልደት ቀንም አንዳንዱ ፋይል ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። «ምንም አላገኘንም» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ የተጻፈባቸውን አጻጻፎች ሁሉ፣ ሁለቱንም የልደት ቀን፣ ከነፖስት ኮዳቸው የድሮ አድራሻዎችን ሁሉ በአንድ ገጽ ዘርዝሩ።

ስቴትመንቱ ላይ ፒፒአይ የሚል ቃል ላይገኝም ይችላል። «ፔይመንት ኮቨር»፣ «ሎን ኬር»፣ «ፕሮቴክሽን ፕላን»፣ «አካውንት ኮቨር» ወይም «ኤ.ኤስ.ዩ.» የሚል መስመር ካያችሁ ያው እሱ ነው።

ደጀን

ባንኩ ፋይሉን አጥፍቶት ከሆነስ? የክሬዲት ሪፖርት ይረዳል?

ሉሊት_ሊድስ

የክሬዲት ሪፖርት የተዘጋ ሒሳብን የሚያሳየው ለ6 ዓመት ብቻ ስለሆነ ለድሮው ብድር እምብዛም አይረዳም። ባንኮችም ሒሳቡ ከተዘጋ ከ6 ዓመት በኋላ ሰነድ ሊያጠፉ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ የሚተርፈው እናንተ እጅ ያለው ነው፤ የድሮ ስቴትመንት፣ የብድሩ የመጀመሪያ ደብዳቤ፣ ወይም ቀደም ብሎ ባንኩ ስለ ፒፒአይ የጻፈው መልስ። የመጨረሻው በጣም ጠቃሚ ነው፤ የአረቦኑን መጠንና አንዳንዴም የኮሚሽኑን መቶኛ ባንኩ ራሱ አስፍሮበታል።

ችሎት_ፊት

የፍርድ ቤቱ ቅደም ተከተል፣ ለእንግሊዝና ለዌልስ፦

መጀመሪያ የቅድመ ክስ ደብዳቤ ይጻፋል። የውሉን ቀንና ቁጥር፣ የብድሩን መጠን፣ አረቦኑን፣ ኮሚሽኑን፣ ኮሚሽኑ እንዳልተነገረ፣ አንቀጽ 140ኤን፣ የሚጠየቀውን ገንዘብና የይርጋ መልሳችሁን ያካትታል። ለቀላል ጉዳይ 14 ቀን፣ ለተወሳሰበ እስከ 3 ወር ይሰጣል። ይርጋው ሊያልቅ ከተቃረበ ግን ደብዳቤ ሲመላለስ ጊዜው አይቆምም፤ የሚያቆመው የክሱ መከፈት ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት መብቱ የወደቀበት ሰው ብዙ ነው።

ተከሳሹ አበዳሪው ነው። ኢንሹራንስ ኩባንያውን ወይም ሱቁን አትክሰሱ። ውሉ ላይ ያለው ኩባንያ ስሙን ለውጦ ወይም በሌላ ተውጦ ከሆነ በኩባንያዎች መዝገብ ላይ የምዝገባ ቁጥሩን ተከታትላችሁ የዛሬውን ስም አግኙ።

እስከ 10,000 ፓውንድ ያለው ስሞል ክሌይምስ በሚባለው የአነስተኛ ክሶች ሥርዓት ይታያል። የመክፈቻው ክፍያ ከ1,000 በላይ እስከ 1,500 ለሆነ ክስ 80፣ እስከ 3,000 ድረስ 115፣ እስከ 5,000 ድረስ 205፣ ከዚያ በላይ 455 ፓውንድ ነው። ገቢው ዝቅ ያለ ሰው የክፍያ ቅነሳ መጠየቅ ይችላል። ባንኩ መከላከያ ሲያስገባ ኤን180 የሚባል መጠይቅ ይመጣል፤ ጉዳዩ በስሞል ክሌይምስ እንዲታይ እዚያ ላይ አመልክቱ። ከሜይ 2024 ወዲህ አንድ ሰዓት የሚሆን የስልክ ሽምግልና ግዴታ ነው፤ ክፍያ የለውም። መቅረት ግን ያስቀጣል። ባንኮች ብዙ ጊዜ ለመስማማት ፈቃደኛ የሚሆኑት እዚያ ነው፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ቁጥራችሁን አስቀድማችሁ ወስኑ።

በስሞል ክሌይምስ የተሸነፈ ሰው የባንኩን የጠበቃ ወጪ በተለምዶ አይከፍልም። ያለ አግባብ ካንገላታ ግን ሊከፍል ይችላል።

የሺ_በርሚንግሃም

አንድ ነገር ላይ አልስማማም። ይህን የሚያነብ ሁሉ ራሱ ክስ ይክፈት ማለት ከባድ ነው። የይርጋው ክርክር በተለይ እንደ ፖተር ያለው ላልለመደ ሰው ይከብዳል፤ ዳኛውም ውስብስብ ነው ካለ ከስሞል ክሌይምስ አውጥቶ ሊያዛውረው ይችላል፤ ያኔ የወጪ ስጋቱ ይመጣል። ውሉ አሁንም ክፍት ለሆነ ወይም ከተዘጋ 6 ዓመት ላልሞላው ሰው ራሱ ይሂድበት እላለሁ። በመደበቅ ላይ ብቻ የሚደገፍ ክስ ከሆነ ግን አስቀድሞ ነፃ ምክር የሚሰጠው ሲቲዝንስ አድቫይስ ወይም ነፃ የሕግ ክሊኒክ ይጠየቅ።

የጠበቃ ድርጅት የሚይዝ ሰውም ውሉን ያንብብ። ለተራ የፒፒአይ አቤቱታ የተፈቀደው ጣሪያ 20 በመቶና ቫት ነው፤ ከ1,000 ፓውንድ 240 ማለት ነው። ጉዳዩ ክስ ሲሆን ግን ከድል በሚቆረጥ ክፍያ ውል እስከ 50 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ከዚያ ላይ የክስ ኢንሹራንስ አረቦን ይቀነሳል። «ካልረታን ምንም አትከፍልም» ከሚለው ስር በመሃል ውሉን ብታቋርጡ ምን እንደምትከፍሉ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጉ።

ችሎት_ፊት

የሺ፣ በዚህ እስማማለሁ። አንድ ልጨምር፤ ባንኩ ከዚህ በፊት ሲከፍል «የመጨረሻና ሙሉ ስምምነት» የሚል ወረቀት ላይ ካስፈረመ ክሱን ለመመከት ያመጣዋል። ደብዳቤው «ይህ አቤቱታህን ይፈታል» ማለቱና ተፈራርሞ መብትን መተው አንድ አይደሉም። ፊርማ ያለበትን ወረቀት ሁሉ ለአማካሪው አሳዩ።

አረቦን_ቆጣሪ

ታክሱን የረሳነው እንዳይመስላችሁ። ፒፒአይ ሲመለስ ዋናው ገንዘብ ታክስ የለበትም፤ 8 በመቶው ወለድ ግን እንደ ቁጠባ ወለድ ይቆጠራል። ባንኩም 20 በመቶ ቆርጦ ነው የሚልከው። በላይኛው ምሳሌ ከ1,521 ፓውንድ 304 ተቆርጧል ማለት ነው። ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ ደግሞ መደበኛ ታክስ ከፋይ በዓመት 1,000 ፓውንድ፣ ከፍተኛው 500 ፓውንድ የቁጠባ ወለድ ያለ ታክስ ይፈቀድለታል። ገቢው ከ12,570 በታች የሆነ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተቆረጠው ሁሉ ይመለስለታል።

ቅጹ አር40 ይባላል፤ በድረ ገጽ ወይም በፖስታ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ለኤች.ኤም.አር.ሲ. ይላካል። የሚሞላው የተጣራው ወለድ፣ የተቆረጠው ታክስና ጠቅላላው ወለድ ነው። ሦስቱም ከክፍያው ጋር የመጣው ወረቀት ላይ አሉ። የተለመደው ስህተት የተመለሰውን ገንዘብ በሙሉ እንደ ወለድ መጻፍ ነው። ጊዜው የታክስ ዓመቱ ካበቃ 4 ዓመት ነው፤ በ2022/23 የተከፈለው እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 2027 ይጠየቃል። ወደ አገር ቤት ተመልሶ እዚያ የሚኖር ሰው የሚጠቀመው አር43ን ነው። ይህን አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ቅጽ ለሦስተኛ ወገን ኮሚሽን ከፍላችሁ አታስሞሉ፤ ተመላሹ በቀጥታ ወደነሱ እንዲገባ የሚያደርግ ፊርማ ያስፈርማሉ።

ሉሊት_ሊድስ

አጭበርባሪዎችንም እናንሳ። ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ የካሳ ድርጅቶች ያለ ፈቃድ መደወል ተከልክለዋል። «የፒፒአይ ገንዘብህ ወጥቷል፣ የማስለቀቂያ 200 ፓውንድ ላክ» ወይም «በስጦታ ካርድ ክፈል» የሚል ሁሉ ሌባ ነው። ገንዘብ የሚመልስ ባንክ ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቅም። ስልኩን ዝጉና በ159 ወደ ባንካችሁ ደውሉ፤ የጽሑፍ መልእክት ከሆነ ወደ 7726 አስተላልፉት። በአማርኛ የሚደውሉም ስላሉ ለእናቶችና ለአባቶች አስቀድማችሁ ንገሩ።

ደጀን

ሰውየው መክሰሩ ታውጆበት ከነበረ ወይም አይ.ቪ.ኤ. (ከአበዳሪዎች ጋር የሚደረግ የዕዳ አከፋፈል ስምምነት) ውስጥ ከነበረስ?

ችሎት_ፊት

ከክስረቱ በፊት የተሸጠ ፒፒአይ ከሆነ ገንዘቡ የከሰረውን ሰው ንብረት የሚይዘው የመንግሥት ሹም (ኦፊሻል ሪሲቨር) ወይም የባለአደራው ነው፤ ሰውየው ከክስረት ነፃ ከወጣ በኋላም ቢሆን። አይ.ቪ.ኤ. ላይ ውሉ ይወስናል፤ አስተዳዳሪውን በጽሑፍ ጠይቁ። ስኮትላንድ ውስጥ ትረስት ዲድ በሚባለው የዕዳ ስምምነት ሥር የነበረ ሰው ግን በ2018 የዱኒን ውሳኔ ተጠቅሟል፤ ትረስቱ ከተዘጋ በኋላ የተገኘው ፒፒአይ ለተበዳሪው ነው ተብሏል።

ከባንኩ ጋር ያልተከፈለ ውዝፍ ካለ ባንኩ ተመላሹን ለውዝፉ ሊያውለው ይችላል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ የሚቀበል ሰው ደግሞ ገንዘቡ እንደ ቁጠባ እንደሚታይ ይወቅ፤ ከ6,000 ፓውንድ በላይ ሲሆን ድጎማው መቀነስ ይጀምራል፣ ከ16,000 በላይ ከሆነ ይቆማል። ለጆብ ሴንተር ማሳወቅ ግዴታ ነው።

የሺ_በርሚንግሃም

የታክሲ ሾፌሮቻችን የሚጠይቁት አለ፤ የመኪና ፋይናንስ ኮሚሽኑ ከዚህ ጋር አንድ ነው?

ችሎት_ፊት

መሠረቱ ያው አንቀጽ 140ኤ ነው፤ መንገዱ ግን ይለያል። ኦገስት 1 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጆንሰን ጉዳይ ኮሚሽኑ ከብድሩ ጠቅላላ ወጪ 55 በመቶ መሆኑንና መደበቁን አይቶ ግንኙነቱ ፍትሐዊ አይደለም ብሏል። ከዚያ በኋላ፣ በኦክቶበር 2025፣ ኤፍ.ሲ.ኤ. ከኤፕሪል 6 ቀን 2007 እስከ ኖቬምበር 1 ቀን 2024 ለተፈረሙ ውሎች የካሳ ዕቅድ በረቂቅ አቅርቦ ነበር። ለዚያ አቤቱታ ለአበዳሪው በቀጥታ በነፃ ይጻፋል። ለብቻው ክር ይከፈትለት፤ ከፒፒአይ ጋር በአንድ ደብዳቤ አትቀላቅሉት።

ጣና_ክሮይደን

የቀረችው የጋራ ብድርና የሟች ጉዳይ ነች። ብድሩ በባልና ሚስት ስም ከሆነ፣ ተፋተውም ቢሆን፣ ሁለቱም መፈረም አለባቸው፤ አንዱ ካልተገኘ ባንኩ ግማሹን ብቻ ሊከፍል ይችላል። ተበዳሪው ካረፈ የውርሱ አስፈጻሚ በሟች ምትክ መረጃውን መጠየቅም መክሰስም ይችላል፤ ከሞት ምስክር ወረቀቱ ጋር የአስፈጻሚነት ማስረጃው ይያያዝ። ሟቹ አገር ቤት ካረፈ የምስክር ወረቀቱ የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይጠየቃል፤ እሱን ሳታስይዙ ከላካችሁ ፋይሉ ተመልሶ ይመጣል።

የውላችሁን ሁለት ቀኖችና የአረቦኑን መጠን ብቻ እዚህ አስቀምጡ፤ የሒሳብ ቁጥርና አድራሻ አትለጥፉ። ችሎት_ፊትና አረቦን_ቆጣሪ ከየትኛው በር እንደምትገቡ ይነግሯችኋል።